ኮምቦልቻ የቀዘቀዘ ኤሲ ሚሌ ላይ ለምን ይሞቃል?

ለከባድ መኪና ሾፌሮች፣ ረዳቶችና የጋራዥ ባለሙያዎች ኮምቦልቻ ላይ የቀረበ ንግግር

እንደምን ዋላችሁ! እንኳን ደህና መጣችሁ።

ነገሩን ከጭቅጭቁ እንጀምረው። አንድ ሾፌር ኮምቦልቻ ጋራዥ ገብቶ «ኤሲው ደክሟል» ይላል። ጋዝ ይሞላለታል፤ እጁን አየር መውጫው ላይ ያደርጋል፤ ይቀዘቅዛል፤ ከፍሎ ይወጣል። ባቲን አልፎ ቁልቁለቱን ሲጨርስ ጋቢናው መሞቅ ይጀምራል፤ ሚሌ ሲደርስ መስኮት ከፍቶ ነው የሚነዳው። ሲመለስ «ገንዘቤን በላህ» ይላል፤ መካኒኩ «ከእኔ ሲወጣ በረዶ ነበር» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል ወደ 1,850 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው፤ ደሴ 2,500 ገደማ፣ ሚሌ ደግሞ 500 ሜትር አካባቢ። እዚህ ከሰዓት በኋላ ጥላ ውስጥ 25 ዲግሪ ሲሆን አፋር ሜዳው ላይ 40ን ያልፋል። ኤሲ ብርድ የሚያመርት ዕቃ አይደለም። ከጋቢና ሙቀት ለቅሞ በኮንደንሰሩ (ከፊት ባለው ራዲያተር መሰል ዕቃ) በኩል ውጭ የሚደፋ ዕቃ ነው። ውጭው ራሱ ሲግል መድፊያው ይጠባል። ስለዚህ ግማሽ ጤና ያለው ኤሲ ኮምቦልቻ ላይ ሙሉ ጤነኛ ይመስላል፤ ጉድለቱ የሚገለጠው ታች ነው። ዛሬ የምናወራው ያንን ጉድለት እዚሁ ላይ ሆኖ እንዴት ማውጣት እንደሚቻል ነው።

አንድ ነገር አስቀድመን እንግባባ። ጋዝ እንደ ናፍጣ አይቃጠልም፤ ሥርዓቱ ዝግ ነው፤ ጎደለ ማለት ወጣ ማለት ነው። እርግጥ አሮጌ መኪና ላይ ጎማ ቱቦውም የኮምፕረሰሩ (የጋዝ መጭመቂያው) የዘንግ ማኅተምም በዓመታት ውስጥ ጥቂት ያስተነፍሳሉ። ሦስት ዓመት ቆይቶ ትንሽ ቢደክም አይገርምም። በየሦስት ወሩ ጋዝ የሚጠይቅ መኪና ግን የሚያፈስ እንስራ ነው፤ ውሃ መጨመሩ እንስራውን አይደፍነውም።

ጌጅ (የግፊት መለኪያ) ከመሰካታችሁ በፊት አሥር ደቂቃ በዓይንና በእጅ ፈትሹ። አብዛኛው ችግር እዚያ ይገኛል። ሞተሩን አጥፉ፣ ጋቢናውን ገልብጡ።

መጀመሪያ ኮምፕረሰሩን የሚያዞረው ቺንጋ (ቀበቶ)። በሁለቱ ፑሊዎች መካከል በአውራ ጣት ጠንከር አድርጋችሁ ስትጫኑት አንድ ሳንቲሜትር ገደማ ቢረግብ ደህና ነው። የውስጥ ፊቱ እንደ መስታወት ካብለጨለጨ ውጥረቱ ቢስተካከልም ይንሸራተታል፤ ይቀየር። የኮምፕረሰሩን ማሰሪያ ብሎኖችም በቁልፍ ሞክሩ። አሮጌ ሞተር ይነቀንቃል፤ የላላ ኮምፕረሰር ቺንጋ ከመብላት አልፎ ቱቦውን ከአንገቱ ይሰነጥቃል።

ቀጥሎ ኮንደንሰሩ። ሾፌሮች ከፊት ያዩትና «ንጹሕ ነው» ይላሉ። ቆሻሻው ያለው ግን በኮንደንሰሩና ከኋላው ባለው ራዲያተር ወይም ኢንተርኩለር መካከል ነው፤ የአፋር አቧራ፣ ገለባ፣ የናፍጣ ላብ ተጋግሮ ብርድ ልብስ ይሆናል። ከአንዱ ወገን ባትሪ አብሩበት፤ ብርሃን ካላሳለፈ አየርም አያሳልፍም። ሲታጠብ ከሞተር ወገን ወደ ፊት፣ በተራ የቧንቧ ግፊት ነው። የላቫጆ ውሃ ከቅርብ ከተለቀቀበት ስሶቹን ክንፎች ያጣጥፋቸዋል፤ ያኔ ቆሻሻውን አውጥታችሁ በሩን ዘጋችሁት ማለት ነው።

ከዚያ ዘይት ፈልጉ። የኮምፕረሰር ዘይት ከጋዙ ጋር ይዞራል፤ ጋዝ በወጣበት ዘይት ይወጣል፤ ዘይት ባለበት አቧራ ይጣበቃል። ስለዚህ የፈሰሰበት ቦታ ጥቁር፣ እርጥብ እድፍ ሆኖ ይታያል። በተለይ የኮምፕረሰሩን አፍንጫ እዩ፤ የዘንግ ማኅተሙ ካለቀ ዘይቱ በክላቹ (ኮምፕረሰሩን ከቺንጋው ፑሊ ጋር በማግኔት በሚያያይዘው) ዙሪያ ክብ ሠርቶ ይረጫል። የቱቦ አንገቶችን፣ የኮንደንሰሩን የታች ማዕዘኖች፣ ጋዝ መሙያ ቫልቮቹን እዩ። መሙያዎቹ ክዳን አላቸው ወይ? ክዳኗ ለጌጥ አይደለችም፤ ውስጧ ላስቲክ አላት፣ ሁለተኛ መዝጊያ ናት። ብዙ አሮጌ መኪና ላይ የለችም። የኤቫፖሬተሩን (ዳሽቦርድ ውስጥ አየሩን የሚያቀዘቅዘውን ዕቃ) ውሃ የምታወጣዋን ቀጭን ቱቦም በጣታችሁ ዳስሱ፤ ዘይት ከነካችሁ ሌላው የትም ቢደርቅ ፍሳሹ ዳሽቦርድ ውስጥ ነው።

አሁን የደሴ ሾፌሮችን በተለይ የሚመለከት ነገር። ማለዳ ደሴ ላይ ማሞቂያ ትከፍታላችሁ፤ ሐረጎን ወርዳችሁ፣ ኮምቦልቻን አልፋችሁ ኤሲ ትፈልጋላችሁ። የማሞቂያው ራዲያተር ከኤቫፖሬተሩ ጎን ለጎን፣ እዚያው ሣጥን ውስጥ ነው ያለው። በአሮጌ መኪና የሙቅ ውሃው መዝጊያ ቫልቭ ወይ ዝጎ ይገተራል፣ ወይ የሚስበው ገመድ ይረዝማል፤ ዳሽቦርዱ ላይ «ዘግቻለሁ» ትላላችሁ፣ ውስጥ ግን የ85 ዲግሪ ውሃ ይዞራል። ኤሲው ያቀዘቀዘውን ማሞቂያው ያሞቀዋል። ፍተሻው ቀላል ነው፤ ሞተሩ ሲሞቅ ወደ ማሞቂያው የሚገባውንና የሚወጣውን ቱቦ ዳስሱ። ቫልቩ ተዘግቶ ሁለቱም የሚያቃጥሉ ከሆነ አልተዘጋም። እንዳይቆረጥ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ቱቦውን በፒንሳ ቆንጥጡት፤ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ብርዱ ከተሻሻለ ጋዝ አትንኩ፣ ቫልቩን ቀይሩ። ጋዙ ሙሉ የሆነ መኪና በዚህ ምክንያት ተጨማሪ ጋዝ ሲሞላበት ኮምፕረሰሩ ነው የሚጎዳው።

ወደ ኤሌክትሪኩ እንለፍ። ኤሲው ሲከፈት ክላቹ «ጠቅ» ብሎ መያዝ አለበት። ካልያዘ መንገዱ ፊውዝ፣ ሪሌ፣ የጋቢናው ቴርሞስታት፣ ፕሬሸር ስዊች፣ በመጨረሻም ራሱ የክላቹ ጥቅልል ነው። ፕሬሸር ስዊቹ ጋዙ ከ2 ባር ገደማ፣ በሌላው የግፊት መለኪያ ከ29 ፒኤስአይ አካባቢ ሲወርድ፣ ወይም ከመጠን በላይ፣ ወደ 30 ባር ሲጠጋ ይቆርጣል። ስለዚህ ጋዝ ባለቀበት መኪና ክላቹ አለመያዙ ብልሽት አይደለም፣ ጥበቃ ነው። እዚህ ላይ የሚሠራው መጥፎ ሥራ ስዊቹን በሽቦ አገናኝቶ መተው ነው። ዘይቱን የሚያዞረው ጋዙ ነው፤ ጋዝ ሳይኖር የሚዞር ኮምፕረሰር ደርቆ ይፋጫል፣ የብረት ብናኙም እስከ ኮንደንሰሩ ይሠራጫል። ለፍተሻ ከሆነ ጌጅ ተሰክቶ፣ ለጥቂት ሴኮንድ ብቻ፤ ከዚያ ሽቦው ይነሣ።

«ጠዋት ይሠራል፣ ቀትር ላይ ይተኛል» የሚባለው በሽታ በብዛት የክላች ነው፤ ጠጋ ብለን እንየው። በ24 ቮልት መኪና ላይ ጥቅልሉ ሲቀዘቅዝ 12 ኦም ገደማ ነው፤ ወደ 2 አምፒር ይስባል። መዳብ ሲሞቅ ተቃውሞው በየዲግሪው 0.4 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ጥቅልሉ ከ20 ወደ 100 ዲግሪ ሲደርስ 12ቱ ኦም ወደ 16 ይጠጋል፤ ጅረቱ ወደ 1.5 አምፒር ይወርዳል፤ የማግኔቱ ጉልበት አብሮ ይወርዳል። በዚያ ላይ የክላቹ ሳህን ተበልቶ ክፍተቱ ከሰፋ መሳብ ያቅተዋል። ክፍተቱ በአብዛኛው ኮምፕረሰር ከ0.4 እስከ 0.8 ሚሊሜትር ነው፤ ፊለር ጌጅ (ስስ የክፍተት መለኪያ) አስገብታችሁ ሦስት ቦታ ለኩ። ከ0.8 ካለፈ ሳህኑን ፈትታችሁ ከዘንጉ ላይ አንዲት ስስ ሺም (ቀለበት) ማውጣት ብዙ ጊዜ ይበቃል። ለአንዲት ሺም ሙሉ ኮምፕረሰር የገዛ ሰው ጥቂት አይደለም።

ከክፍተቱ በፊት ግን ቮልቱን ለኩ። ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ 27 ወይም 28 ካለ፣ ክላቹ ይዞ ሳለ ሶኬቱ ላይም ቢበዛ በ1 ቮልት የሚያንስ ሊኖር ይገባል። 22 ካነበባችሁ መንገድ ላይ የቀረ አለ፤ የዛገ ኔጌቲቭ፣ የተቃጠለ የሪሌ እግር፣ ወይም በቴፕ የተቀጠለ ስስ ሽቦ ነው። የ12 ቮልት ሪሌና ብሎወር (የጋቢናው አየር መንፊያ) ርካሽ ስለሆነ በ24 መኪና ላይ ተገጥሞ የሚገኝበት ጊዜም አለ፤ ብሎወሩ ለአንድ ሰሞን እንደ አውሎ ነፋስ ይነፍስና ይቃጠላል።

አሁን ጌጅ። ሁሉም መጽሐፍ የተጻፈው ለባሕር ወለል ነው፤ እኛ ግን ተራራ ላይ ነን። የአየር ግፊት በባሕር ወለል 14.7 ፒኤስአይ፣ ኮምቦልቻ 11.8 ገደማ፣ ደሴ ደግሞ 10.8 ገደማ ነው። ጌጁ የሚያነበው ከዙሪያው አየር በላይ ያለውን ስለሆነ ያው ጋዝ ኮምቦልቻ ላይ 3፣ ደሴ ላይ 4 ፒኤስአይ ጨምሮ ያሳያል። ይሄ ትንሽ ነው፤ ቫኪዩም ላይ፣ አየሩን ከሥርዓቱ በፓምፕ ስትስቡ፣ ግን ልዩነቱ ሰፊ ነው። መጽሐፉ «29 ኢንች (የሜርኩሪ) ድረስ ሳብ» ይላል። ኮምቦልቻ ላይ የዓለም ምርጥ ፓምፕ ከ24 ኢንች ገደማ አያልፍም፤ ደሴ ከ22። ይህን ሳያውቁ ደህናውን ፓምፕ የሚጥሉ፣ ወይም የሌለ ፍሳሽ ሲፈልጉ የሚውሉ አሉ።

ሞተሩ ሳይነሳ፣ መኪናው ጥላ ውስጥ አድሮ ቀዝቅዞ እያለ ጌጁን ስኩ። ጋዙ አር-134ኤ የሚባለው ዓይነት ከሆነ ሁለቱም ጌጆች፣ የዝቅተኛው ግፊትም የከፍተኛው ግፊትም፣ ኮምቦልቻ ላይ በ20 ዲግሪ ወደ 71፣ በ25 ወደ 85፣ በ30 ወደ 100 ፒኤስአይ ያሳያሉ። ከዚህ በጣም ካነሰ ጋዙ አልቋል ማለት ይቻላል። በጣም ከበለጠ አየር ወይም ሌላ ጋዝ ተቀላቅሏል። ትክክል ከሆነ ግን «ሙሉ ነው» አትበሉ፤ ውስጡ ጥቂት ፈሳሽ እስካለ ድረስ 200 ግራምም 900 ግራምም ያንኑ ቁጥር ነው የሚሰጡት። በቆመ መኪና ግፊት መጠን ለመገመት መሞከር የሲሊንደርን ክብደት በግፊት ጌጁ እንደመገመት ነው።

ከዚያ ሞተሩን አስነሱ፤ 1,500 ዙር፣ ብሎወር ሙሉ፣ በሮቹ ክፍት። በ25 ዲግሪ ዝቅተኛው ከ25 እስከ 40፣ ከፍተኛው ከ150 እስከ 200 ፒኤስአይ ውስጥ ቢሆን ጤነኛ ነው። ሁለቱም ካነሱ ጋዝ ጎድሏል። ዝቅተኛው ከፍ ብሎ ከፍተኛው ካልወጣ፣ ሁለቱም ወደ 80 እና 100 ከተቀራረቡ፣ ኮምፕረሰሩ ውስጡ አልቋል፤ ቺንጋው ወይም ክላቹ አለመንሸራተቱን አረጋግጣችሁ ፍረዱበት። ሁለቱም ካበጡ ወይ ኮንደንሰሩ አይተነፍስም፣ ወይ ጋዝ በዝቷል፣ ወይ አየር ገብቷል። ለመለየት ኮንደንሰሩ ላይ ውሃ እርጩ። ከፍተኛው ግፊት ወዲያው በ50 እና ከዚያ በላይ ከወደቀና ብርዱ ከተሻሻለ ችግሩ በኮንደንሰሩ በኩል የሚያልፈው አየር ማነስ ነው፤ ቆሻሻ ወይም የደከመ የሞተር ፋን ክላች ፈልጉ።

ዝቅተኛው ወደ ዜሮና ወደ ቫኪዩም ከወረደ ኤክስፓንሽን ቫልቩ (ጋዙን ወደ ኤቫፖሬተሩ መጥኖ የሚለቀው) ወይም ድራየሩ (እርጥበት የሚይዘው) ተዘግቷል። ድራየሩ መግቢያና መውጫው ላይ የተለያየ ሙቀት ካለው፣ ይባስ ካላበው ጥፋተኛው እሱ ነው። ግፊቱ መጀመሪያ ደህና ሆኖ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ቫኪዩም ከገባ፣ አጥፍታችሁ ስትቆዩ ከተመለሰ፣ ውስጥ እርጥበት አለ፤ ቫልቩ ቀዳዳ ላይ ይረጋል። በክረምት ዝናብ ቱቦ ፈትቶ ክፍቱን ያሳደረ ጋራዥ ውጤት ነው። ከዚህ ጋር የሚምታታ ሌላ አለ፤ ለአንድ ሰዓት ጥሩ ቀዝቅዞ አየሩ ራሱ እየቀነሰ ከሄደ ኤቫፖሬተሩ ከላይ በረዶ ለብሷል። የቴርሞስታቱ ቀጭን ሽቦ ከክንፎቹ መካከል ወጥታ ይሆናል፤ መልሳችሁ ውጓት።

ፍሳሽ ፍለጋ ላይ አንድ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ። ባዶ ሥርዓት ሲሞከር ናይትሮጅን ነው የሚገባው፤ በሬጉሌተር፣ እስከ 150 ፒኤስአይ። የብየዳ ኦክስጅን በፍጹም! ኦክስጅን ከኮምፕረሰር ዘይት ጋር በግፊት ሲገናኝ ይፈነዳል። የጎማ መሙያ አየርም አይሆንም፤ እርጥበት ያስገባል፣ ከቀረው ጋዝ ጋርም በግፊት ሊቀጣጠል ይችላል። ከዚያ ወፈር ያለ የሳሙና አረፋ በብሩሽ እየቀባችሁ በትዕግሥት እዩ፤ ትንሹ ፍሳሽ አረፋ ለመሥራት አንድ ሁለት ደቂቃ ይፈልጋል።

ከጥገና በኋላ ሁሉም የተፈታ ኦሪንግ (የላስቲክ ቀለበት) አዲስ ይሁን፣ የኮምፕረሰር ዘይት ተቀብቶ ይግባ። ሥርዓቱ ከተከፈተ ድራየሩ ይቀየራል፤ የአዲሱ ድራየር ክዳኖችም መጨረሻ ላይ ነው የሚነሡት። ኮንደንሰር ስትቀይሩ 30፣ ለድራየርም 30 ሚሊሊትር ገደማ ዘይት ጨምሩ። አዲስ ኮምፕረሰር ከገባ ከአሮጌው የወጣውን ዘይት ለክታችሁ ያንኑ ያህል አስቀሩበት፤ አለበለዚያ ዘይት በዝቶ ብርዱን ይቀማል። ቫኪዩሙ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ይሳብ፤ ከዚያ ፓምፑ ተዘግቶ 20 ደቂቃ ይታይ። መርፌው ከተመለሰ ፍሳሽ ወይም እርጥበት ቀርቷል፤ ጋዝ አታባክኑ።

ጋዙ በሚዛን ነው የሚገባው። መጠኑ ጋቢናው ወይም ኮንደንሰሩ አጠገብ ተለጥፎ ይገኛል፤ ለአንድ ኤቫፖሬተር ከባድ መኪና ብዙውን ጊዜ ከ700 እስከ 1,100 ግራም መካከል ነው። ከ5 ግራም ጀምሮ የሚያነብ ዲጂታል ሚዛን ይበቃል። ፈሳሹ በከፍተኛው በኩል የሚገባው ሞተሩ ጠፍቶ ብቻ ነው፤ የቀረው ሞተሩ እየሠራ፣ የጋዙ ቆርቆሮ ቀጥ ብሎ፣ በዝቅተኛው በኩል በጋዝነቱ። ሞተሩ እየሠራ የከፍተኛውን ጌጅ ቫልቭ የከፈተ ሰው ግፊቱን ወደ እጁ ቆርቆሮ ነው የሚልከው። መነጽር አድርጉ። ቆርቆሮውን ለብ ያለ ውሃ እንጂ እሳት አታሳዩት።

አሁን ወደ ሚሌ። መኪናው ሞልቷል፣ ቀዝቅዟል፣ ሾፌሩ ለመሄድ ቸኩሏል። አትልቀቁት። ከቀኑ 7 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ፀሐይ ላይ አቁሙት፤ በሮቹን ክፈቱ፣ ብሎወር ሙሉ፣ 1,500 ዙር። የካርቶን ቁራጭ ይዛችሁ ኮንደንሰሩን ከጎን በኩል ቀስ እያላችሁ ሸፍኑ፤ ከፍተኛው ጌጅ ወደ 250 እና 270 ፒኤስአይ ሲወጣ ተዉት። በ40 ዲግሪ ላይ የሚኖረው ግፊት እዚያ አካባቢ ነው። ከ300 አታሳልፉ፤ የሞተሩንም ሙቀት ተከታተሉ። ለ15 ደቂቃ ያዙት። ክላቹ ሳይለቅ፣ ቺንጋው ሳይጮህ፣ ዝቅተኛው ጌጅ ከ50 ሳያልፍ ከቆየ ኤሲው ታች ይችላል። ክላቹ ከተንሸራተተ ወይም ዝቅተኛው ወደ 60 ከወጣ የሚሌው ጭቅጭቅ እዚሁ ተይዟል። በመጨረሻ በሮቹን ዝጉ፣ የውስጥ አየር ዑደት ላይ አድርጉ፣ ካርቶኑን አንሡ፤ በ10 ደቂቃ ውስጥ መካከለኛው አየር መውጫ ከ5 እስከ 8 ዲግሪ ማንበብ አለበት። እዚህ 14 የሚያነብ መኪና ታች አያድናችሁም።

ስለ ጋዙ ጥራት። ርካሽ ሲሊንደር ሲመጣ ከመጠቀማችሁ በፊት ጥላ ውስጥ አሳድሩትና በጌጅ ለኩት፤ በ25 ዲግሪ ከ85 ርቆ ከሆነ አር-134ኤ አይደለም ወይም ተደባልቋል። ይህ የስስት ፍተሻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 በአር-134ኤ ስም የተሸጠ አር-40 የተባለ ጋዝ በኮንቴይነር ማቀዝቀዣዎች ውስጥ ከአሉሚኒየም ጋር ተዋሕዶ ፈንድቶ ሰው ገድሏል። የማብሰያ ጋዝ የሚሞሉም አሉ፤ ይቀዘቅዛል፣ አይካድም። ኤቫፖሬተሩ ግን ሾፌሩ ሲጋራ በሚለኩስበት ጋቢና ውስጥ ነው ያለው።

በጣም አሮጌ መኪና ላይ የጋዝ መሙያው የሚጠመዘዝ ጥርስ ያለው ከሆነ የተሠራው ለአር-12 ነው፤ ያ ጋዝ በ1987ቱ የሞንትሪያል ስምምነት ምክንያት ከገበያ ወጥቷል። አር-134ኤ ብቻውን እላዩ ላይ አይጨመርበትም። የአር-12 ማዕድን ዘይት ከአዲሱ ጋዝ ጋር ስለማይሟሟ ታች ተኝቶ ይቀርና ኮምፕረሰሩ ይደርቃል። አሮጌው ዘይት ይውጣ፣ ኤስተር ዘይት ይግባ፣ ድራየሩና ኦሪንጎቹ ለአዲሱ ጋዝ የሚሆኑ ይሁኑ፤ ጋዙም ከቀድሞው ክብደት ከ80 እስከ 90 በመቶ ብቻ።

ሥራው ሲያልቅ ቀኑን፣ የገባውን ጋዝ በግራም፣ የዘይቱን ዓይነት በማይለቅ ማርከር ጽፋችሁ ኮንደንሰሩ አጠገብ ለጥፉ። ሎግያ ወይም ጅቡቲ ላይ ኮፈኑን የሚከፍተው ሌላ መካኒክ ነው፤ እሱ የሚያነበው ያቺን ወረቀት ነው።